ሊብሬ የሌለው የጌም ማሽን

መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬ ሳያይ ገንዘብ አይከፍልም። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከሰፈረው ጋር መግጠሙን ሳያረጋግጥ ቀብድ የሚያስይዝ ደላላ ቢኖር እንኳ ሁለተኛ ደንበኛ አያገኝም። በመቐለ ከተማ ያገለገለ የጌም ማሽን ሲሸጥና ሲገዛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ገዥው ማሽኑን ያበራል፣ አንድ ጨዋታ ይሞክራል፣ ጆይስቲኩን ይነካካል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ማሽኑ «ፍላሽ» የተደረገ ይሁን አይሁን፣ ከተደረገም በማንና እንዴት እንደተደረገ የሚገልጽ አንዲት ብጣሽ ወረቀት በእጁ አይገባም።

ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጌም ቤት በመቐለም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች አነስተኛ ካፒታል የያዘ ወጣት አስቀድሞ ከሚያስባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። አንዲት ክፍል፣ ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበርና ማሽን ካለ ሥራው ይጀመራል። መነሻው የቤተሰብ ቁጠባ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ የላከው ገንዘብ፣ አንዳንዴም ዘመድ በሻንጣው ይዞት የመጣው ማሽን ራሱ ነው። በትግራይ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባንክ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ቁጠባው ያለቀበት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ «ሥራ ልጀምር» ብሎ የተነሣ ወጣት የያዛት ገንዘብ ከጠፋች የምትተካ አይደለችም።

በዚያ ላይ የምንዛሪው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። የተበላሸን ማሽን ከውጭ በሚመጣ ሌላ ማሽን መተካት በብር ሲሰላ በእጥፍ ከብዷል ማለት ነው። ስለዚህ ያገለገለው ማሽን ለባለ ጌም ቤቱ መጫወቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ሻጩም ሆነ ደላላው በዚያው ዓይን ሊያዩት ይገባል።

ለመሆኑ «ፍላሽ» ምንድን ነው?

በጥገና ቤቶች ዘንድ ቃሉ እንግዳ አይደለም። ሞባይል ፍላሽ ይደረጋል፤ የሳተላይት ሪሲቨርም ሶፍትዌር ይጫንበታል። የጌም ማሽን ፍላሽ ግን የራሱ ባሕርይ አለው። በጌም ቤቶች በብዛት የሚታየው ፕሌይስቴሽን ቢሆንም፣ በዲስክ ማንበቢያው ላይ የሚሠራው ፍላሽ በሰፊው የታወቀው በማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 ነው።

ይህ ማሽን በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2005 ነበር። ዲስክ የሚያነበውን ክፍል፣ ማለትም ድራይቩን፣ ይሠሩለት የነበሩት ሂታቺ-ኤልጂ፣ ቶሺባ-ሳምሰንግ፣ ቤንኪው እና ላይትኦን ናቸው። በድራይቩ ውስጥ ባለ ቺፕ ላይ ፈርምዌር የሚባል መመሪያ ተጽፏል። ማሽኑ «የገባው ዲስክ ኦርጅናል ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ይህ መመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች መመሪያውን በሌላ መተካት ቻሉ። አዲሱ መመሪያ ኮፒ ዲስክ ሲገባም «ኦርጅናል ነው» ብሎ ይመልሳል። ጥበቃው የተመሠረተው በድራይቩ ምስክርነት ላይ ስለነበር፣ ምስክሩ ሲለወጥ ጥበቃውም አብሮ ተለወጠ።

ሥራው የሚሠራው በኮምፒውተር ነው። ድራይቩ ከማሽኑ ጋር የሚገናኘው ሳታ በሚባለው፣ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ በሚጠቀምበት ዓይነት ገመድ ስለሆነ ገመዱን ነቅሎ ወደ ኮምፒውተር ማዞር ይቻላል። ይሁን እንጂ ማንኛውም ኮምፒውተር ለዚህ አይሆንም። ፕሮግራሙ ድራይቩን ያለ አማላጅ የሚያነጋግርበት ወደብ ያስፈልገዋል። ለዚህም በሰፊው የተለመደው ቪያ ቪቲ 6421 የተባለ ቺፕ ያለው የፒሲአይ አዳፕተር ካርድ ነው። ድራይቩ ኤሌክትሪኩን ከራሱ ማሽን እየወሰደ መረጃው በካርዱ በኩል ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። ጃንግልፍላሸር የተባለው ፕሮግራም የቀድሞውን ፈርምዌር ያነባል፣ አዲሱን ያዘጋጃል፣ መልሶ ይጽፋል። በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ የፒሲአይ ማስገቢያ እየጠፋ በመሄዱ፣ መሥሪያ ቤት ጡረታ ያወጣው አሮጌ ዴስክቶፕ ለዚህ ሥራ ከአዲስ ላፕቶፕ ይመረጣል። ለነጋዴ ይህ ትንሽ ትምህርት አለው፤ በአንዱ መደብር የተጣለ ዕቃ በሌላው መደብር ዋና መሣሪያ ይሆናል።

ዋናው ሀብት ቁልፉ ነው

ገዥው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ግን ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ድራይቭ ውስጥ ለዚያ ማሽን ብቻ የተሰጠ ምሥጢራዊ ቁልፍ አለ። የዚሁ ቁልፍ ግልባጭ በማሽኑ ማዘርቦርድ ላይ ተመስጥሮ ተቀምጧል። ሁለቱ ካልገጠሙ ማሽኑ ይበራል፣ ፊልምም ያሳያል፤ ጌም ግን አያስነሳም። ሻንሲውና ሞተሩ ያልተግባቡ መኪና ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ የመጀመሪያ ሥራው ማንበብና ማስቀመጥ ነው። ቁልፉን አንብቦ በሁለት ቦታ ሳያስቀምጥ የቀድሞውን ፈርምዌር አያጠፋም። ቸኩሎ ያጠፋ፣ ወይም እየጻፈ ሳለ መብራት የሄደበት ባለሙያ፣ አስቀድሞ ግልባጩን ካልያዘ ደንበኛውን ለኪሳራ ይዳርጋል። ግልባጩን ከያዘ ግን ድራይቩ ፈጽሞ ቢሞት እንኳ ሌላ ድራይቭ ገዝቶ ቁልፉን ይጽፍበታል፤ ማሽኑም ይነሣል። ቁልፉ የጠፋበትን ማሽን ከማዘርቦርዱ አንብቦ ማዳን የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ነገር ግን ሥራው ብየዳ፣ ጊዜና የላቀ ችሎታ ይጠይቃል፤ ክፍያውም በዚያው መጠን ይጨምራል።

ከዚህ አንጻር በገበያው «ኤክስቦክስ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ማሽኖች ቢያንስ አራት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ያልተነካው ነው። ሁለተኛው ፍላሽ የተደረገና ቁልፉ ተመዝግቦ የተቀመጠ ነው። ሦስተኛው ፍላሽ የተደረገ ሆኖ ቁልፉ የት እንዳለ የማይታወቅ ነው፤ ዛሬ ይሠራል፣ ድራይቩ የታመመ ዕለት ግን መድኃኒት የለውም። አራተኛው በማዘርቦርዱ ላይ በተሠራ ሥራ ጌሞች ሃርድ ዲስክ ላይ ተጭነውበት ያለ ዲስክ የሚያጫውት ነው። አራቱም መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ መልካቸው አንድ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ ተከፍተው ቢሞከሩ እንኳ አይለዩም፤ የሚለያቸው መዝገብ ብቻ ነው።

መረጃ የሌለበት ገበያ

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙትና በ2001 ለኖቤል ሽልማት ባበቃቸው ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ያሉት ነገር እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዥው ካላወቀ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል።

ለምሳሌ ያህል እንበል፤ ቁልፉ የተመዘገበ ማሽን ለገዥው 20 ሺህ ብር ያወጣል፤ ቁልፉ የጠፋበት ደግሞ 8 ሺህ ብር። ገዥው የትኛው እንደሆነ መለየት ካልቻለና ዕድሉ እኩል በእኩል ከመሰለው ከ14 ሺህ ብር በላይ አይከፍልም። በዚህ ዋጋ የጥሩው ማሽን ባለቤት 6 ሺህ ብር ይከስራልና ዕቃውን ወደ ቤቱ ይመልሳል። የመጥፎው ባለቤት 6 ሺህ ብር ያተርፋልና ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በገበያው የሚቀሩት ማሽኖች ባለ 8 ሺህዎቹ ብቻ ይሆናሉ። ገዥው ይህን ሲረዳ «ያገለገለ ማሽን አይገዛም» ይላል፤ ደላላውም ኮሚሽኑን ያጣል።

የገዥው ጉዳት በግዥው ዋጋ ብቻ አያበቃም። አንድ ጌም ቤት በጨዋታ 10 ብር አስከፍሎ በቀን 60 ጨዋታ ያጫውታል ብንል ገቢው 600 ብር ነው። ድራይቩ ተበላሽቶ መፍትሔ እስኪገኝ 10 ቀን ቢቆም 6 ሺህ ብር ጠፋ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ከሆነ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው የሚመጣው። ቁልፉ በእጁ የተቀመጠለት ባለቤት ሌላ ድራይቭ እንዳገኘ ሥራውን ይቀጥላል። ቁልፉ የሌለው ግን ድራይቩ ቢመጣለትም አይጠቅመውም።

መረጃ ከዋጋ ጋር ያለው ዝምድና በዓለም ገበያም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 ማይክሮሶፍት የተነካኩ ማሽኖችን ከኤክስቦክስ ላይቭ የኢንተርኔት አገልግሎቱ በብዛት አገደ። በዚያ ለሚኖር ተጫዋች የታገደ ማሽን ግማሽ ማሽን ነው። አገልግሎቱ በይፋ ባልተከፈተባት ኢትዮጵያ ግን፣ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ኳስ ለሚጫወቱበት ጌም ቤት እገዳው የሚቀንሰው ነገር የለም። ይህን የሚያውቅ አስመጪ የታገደውን ማሽን በታገደ ዋጋ ገዝቶ በጤነኛ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። ትርፉ የዕውቀት ዋጋ ስለሆነ ነውር የለበትም። ነውሩ ያንኑ ዕውቀት ከገዥው መደበቅ ላይ ነው።

«ወረቀቱ መልሶ ይመሰክርብኛል»

«ታዲያ ለምን ወረቀት አይሰጥም?» ተብሎ ቢጠየቅ ከሻጭ በኩል የሚሰማው የመጀመሪያ መልስ «ደንበኛው ዋጋ እንጂ ወረቀት አይጠይቅም» የሚል ነው። ይህ ደካማ ምክንያት ነው፤ መኪና ገዥም ሊብሬ የሚጠይቀው መጠየቅ ስለለመደ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ክብደት አለው። ፍላሽ የሚደረገው በአብዛኛው ኮፒ ዲስክ ለማጫወት ነውና «ይህን ሠርቻለሁ» ብሎ መፈረም በራስ ላይ ማስረጃ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መብትን ሆን ብሎ ለጣሰ ሰው ከ5 ዓመት የማያንስና ከ10 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እሥራት ይደነግጋል። የኮምፒውተር ፕሮግራምም አዋጁ ከሚጠብቃቸው ሥራዎች መካከል ነው። እርግጥ ነው፣ በውጭ አገር ለታተመ ሥራ የሚሰጠው ጥበቃ በአብዛኛው ኢትዮጵያ በገባችባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ላይ የተመሠረተ ነው። «የውጭ ጌም ማን ይጠይቀናል?» የሚለው የገበያ ወሬ መነሻም ይኸው ነው። ሆኖም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ማመልከቻ ያስገባችበት የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ትሪፕስ የተባለውን የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት መቀበልን ይጠይቃል። ስምምነቱም የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ይጠብቃል። በሕግ ክፍተት ላይ የተገነባ ንግድ ክፍተቱ የተደፈነ ዕለት አብሮ ይዘጋል፤ በክፍተት ላይ ብድር የሚያበድርም፣ ሼር የሚገባም አይገኝም።

መፍትሔው ሁለቱን ሥራዎች መለየት ነው። በዚሁ ካርድ፣ በዚሁ ኮምፒውተርና በዚሁ ባለሙያ እጅ የሚሠሩ ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች አሉ። አንዱ ኮፒ ዲስክ እንዲያልፍ መመሪያውን መለወጥና ኮፒውን ራሱን መሸጥ ነው። ሌላው የሞተ ድራይቭን አውጥቶ በሌላ መተካትና የማሽኑን ቁልፍ መልሶ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ጥገና ነው። ሌንሱ የደከመ ኦርጅናል ማሽን ኦርጅናል ዲስኩን መልሶ እንዲያጫውት ማድረግ ከማንም ኪስ የሚወስደው ነገር የለም።

ይህን ልዩነት በጉዳዩ ላይ ጥብቅ የሆነችው አሜሪካም ተቀብላዋለች። በዚያ አገር የዲጂታል ጥበቃን መስበር እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ በሕግ የተከለከለ ነው። በ2010 በሎስ አንጀለስ ማሽን ፍላሽ አደረገ ተብሎ አንድ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ያነሣው ችሎቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። በኦክቶበር 2021 ግን የአገሪቱ የቅጂ መብት ባለሥልጣናት የጌም ማሽንን ዲስክ ድራይቭ ለመጠገን ሲባል ጥበቃውን ማለፍን ከክልከላው ውጭ አደረጉት። ሁኔታው ከጥገናው በኋላ ጥበቃው ወደ ነበረበት እንዲመለስ ነው። መቐለ ያለ ባለሙያ በአሜሪካ ሕግ አይተዳደርም፤ ግን የሥራው የትኛው ክፍል በብርሃን ሊሠራ እንደሚችል ያሳየዋል። ደረሰኝ ሊቆረጥለት የሚችለው ሥራ የሚቆየው ሥራ ነው።

የማሽኑ ዕድሜ እየተቆጠረ ነው

ኢንቨስተሩ ሊዘነጋው የማይገባ ሌላም ሒሳብ አለ። ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360ን ምርት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 አቁሟል፤ የጌም መሸጫ ሱቁንም ጁላይ 29 ቀን 2024 ዘግቷል። ለጌም ቤት ወሳኙ ኳስ ነው። በዚህ ማሽን ላይ የመጨረሻው ፔስ የ2018ቱ ሲሆን የመጨረሻው ፊፋ ደግሞ ፊፋ 19 ነው። ከዚያ ወዲህ የተዘዋወረ ተጫዋች በአሮጌው ቡድኑ ይቆያል፤ ወይም ሰዎች በራሳቸው ባዘጋጁት ማሻሻያ ይጨመራል። ደንበኛው የሚወደውን አጥቂ በትክክለኛው ማሊያ ማየት ይፈልጋል። ማሽኑን ከሌንሱ በፊት የሚያስረጀው የተጫዋቾች ዝርዝር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፍላሹም ሥራ እንዲሁ አርጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዲስኩ የመያዝ አቅም ከፍ ሲል በቀድሞ ፍላሽ የተሠሩ ማሽኖች የአዲሶቹን ጌሞች ኮፒ ለማጫወት እንደገና መሠራት ነበረባቸው። በ2025 ደግሞ ድራይቩን ሳይነኩ በዩኤስቢ ብቻ የማሽኑን ጥበቃ የሚያልፍ ዘዴ ወጥቷል። ካርድና አሮጌ ዴስክቶፕ ገዝቶ በፍላሽ ብቻ ለመኖር ዛሬ የሚነሣ ሰው የሚወርድ ደረጃ ላይ እየወጣ ነው። ቺፕ ማንበብ፣ ግልባጭ ማስቀመጥና መልሶ መጻፍ የሚለው ሙያ ግን አያረጅም። በላፕቶፕ ባዮስ፣ በሞባይልና በመኪና ኮምፒውተር ላይም የሚሠራው ይኸው ነው። በመቐለ ዩኒቨርሲቲ የእንዳ ኢየሱስ ግቢና በመቐለ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማሩ ልጆች ባሉባት ከተማ የጠፋው ችሎታ ሳይሆን ችሎታውን ወደ ታመነ ንግድ የሚለውጠው አሠራር ነው።

አሠራሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ባለሙያው የማሽኑን መለያ ቁጥር፣ የድራይቩን ዓይነትና ሥራው የተሠራበትን ቀን በመዝገብ ያስፍር፤ ቁልፉን በፍላሽ ዲስክ ለባለቤቱ ያስረክብ፤ አንድ ግልባጭም ለራሱ ያስቀምጥ። ዩፒኤስ ሳይኖረው የሰው ድራይቭ አይክፈት። ሻጩ ማሽኑ ከአራቱ ዓይነት የትኛው እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ለአንድ ወርም ቢሆን ዋስትና ይስጥ። ደላላው በኦርጅናል ዲስክ አስሞክሮ ቁልፉ ከማሽኑ ጋር መረከቡን ሳያይ ኮሚሽን አይቀበል። ገዥውም «ቁልፉስ?» ብሎ መጠየቅ ይልመድ። መልስ ካላገኘ ማሽኑን ቁልፍ እንደሌለው ቆጥሮ ዋጋ ይስጥ።

ይህን ቀድሞ የጀመረ ነጋዴ መጀመሪያ ላይ የሚያተርፈው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከላይ በምሳሌ የታየው የ14 ሺህና የ20 ሺህ ብር ልዩነት የእሱ ነው፤ ከፍ ያለውን ዋጋ መጠየቅ የሚችለው የሚያሳየው ወረቀት ያለው ብቻ ነውና። ያለ ሊብሬ መኪና መሸጥ ያሳፍራል፤ የአንድ ወጣት የመጨረሻ ገንዘብ የገባበትን ማሽን ያለ ቁልፍ መሸጥም ሊያሳፍር ይገባል።